ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ ወይስ ሽማግሌ? ወንጀል የደረሰበት ሰው አጠገብ ለቆማችሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ነበረች። ባሏ ደብድቧት፣ በነጠላ ጫማ ወጥታ፣ በጎረቤት ስልክ ነው የደወለችው። ታክሲ ለምኜ ሄድኩና አሳፍሬ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኳት። ተረኛው "መርማሪዋ ጠዋት ነው የምትገባው" አለን። አግዳሚ ወንበር ላይ ነጋ። ጠዋት ቃሏን ሰጠች፣ ለሐኪም ቤት ደብዳቤ ተጻፈላት፣ ካርድ አውጥተን ሐኪም ፊት ስንቀርብ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሁለት የጎድን አጥንቶቿ ተሰንጥቀው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያ ሆና ነው የተቀመጠችው፣ እኔም አጠገቧ "አይዞሽ" እያልኩ።

ቆይቶ ነገሩ ረገብ ሲል፣ ያን ሌሊት ምን ነበር የፈለግሽው ብዬ ጠየቅኳት። "የምተኛበት ቦታ" አለችኝ። እኔ የፈለግኩላት ክስ ነበር። እናቷ እርቅ ፈለጉ። ወንድሟ ጠቡን በራሱ ክንድ ሊጨርሰው ነበር። እሷን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለተጎጂው ብቻ ሳይሆን እንደኔ በሌሊት ለሚደወልላችሁም ነው። አገር ውስጥ ያሉትን መንገዶች አነጻጽራለሁ። መስፈሪያዬ ሁለት ጥያቄ ነው። ይህን በር ዛሬ ብናልፈው ነገ ተከፍቶ እናገኘዋለን? በዚህ በር ብንገባስ ሌላው ይዘጋብናል? ከሁለቱም በፊት ግን ተጎጂውን ጠይቁ። "አሁን፣ ዛሬ ማታ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?" በሏት።

መጀመሪያ ሐኪም ቤት ወይስ ፖሊስ?

ሐኪም ቤት። እዚህ ላይ አላመነታም። አጥቂው አሁንም እደጃችሁ ቆሞ ከሆነ ብቻ ነው ፖሊስ የሚቀድመው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 991 ደውሉ።

ፖሊስ ጣቢያው ነገም እዚያው ነው። ሰውነት ግን አይጠብቅም። አስገድዶ መድፈር ከሆነ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ሊሰጥ ይችላል፣ እሱም ቢሆን በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ማስረጃውም እንደዚሁ ነው። ገላ ላይ ያለው ምልክት በውኃ ይሄዳል፣ በጊዜም ይጠፋል።

ቤተሰብ በፍቅር የሚሠራው ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። ልጅቷ እያለቀሰች ትመጣለች፣ ውኃ ይሞቅላታል፣ ትታጠባለች፣ ልብሷም በዚያው ይዘፈዘፋል። ከመልካም ልብ ነው፣ ግን ማስረጃው በሳፋ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ልብሱን ሳታጥቡ አስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ እርጥበት ይዞ ያበላሸዋል፤ የወረቀት ከረጢት ይሻላል። ቀድማ ታጥባ ከሆነ ደግሞ በፍጹም "በቃ አለቀ" አትበሏት። መድኃኒቱ አሁንም አለ፣ ሌላ ማስረጃም ይገኛል።

ድብደባ ከሆነ ፎቶ አንሱ። በማግስቱም በሦስተኛው ቀንም ድገሙት፣ ምክንያቱም በለዝ ቀለሙ ጎልቶ የሚወጣው ውሎ አድሮ ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። "ያለ ፖሊስ ደብዳቤ አያክሙም" ይባላል። ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ነው። ለመታከም ደብዳቤ አያስፈልግም። ደብዳቤ የሚጠየቀው ለፍርድ ቤት የሚቀርበውን የሕክምና ማስረጃ ለማጻፍ ነው፣ እሱ ደግሞ በኋላም ይደርሳል። ስለዚህ ታከሙ፣ ሐኪሙም ያየውን ሁሉ ካርዱ ላይ እንዲያሰፍር ጠይቁ፤ የትኛው ቦታ፣ ስንት ቁስል፣ ምን ያህል፣ በምን እንደተመታች የተናገረችው። ፖሊስ ደብዳቤውን ሲልክ ማስረጃው የሚወጣው ከዚያ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ "ሕመም አላት" ብቻ ተጽፎ ከሆነ ማስረጃውም ከዚያ አያልፍም።

ለጾታዊ ጥቃት ሁለቱን የሚያገናኝ ሦስተኛ መንገድ አለ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚሠሩበት የተቀናጀ ማዕከል አለ፣ ሰዉ ዋን ስቶፕ ሴንተር የሚለው። በሌሎች ሆስፒታሎችና በክልል ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተከፍተዋል። አቅራቢያችሁ ካለ ሌላውን ትታችሁ እዚያ ሂዱ። የሚያገለግለው ግን በዋናነት ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ነው። መንገድ ላይ ተዘርፎ የተወጋ ወንድ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ፣ ከዚያ ጣቢያ ሄዶ፣ ሁሉን በእግሩ ነው የሚጨርሰው። ከገጠር የሚመጣ ሰውም ማዕከሉ እስኪደርስ ሰዓቱ ያልፍበታል፣ እሱ በቅርብ ያገኘው ጤና ጣቢያ ይግባ።

የማዕከሉ ትልቁ ጥቅም ታሪኩ አንድ ጊዜ መነገሩ ነው። ለተረኛው፣ ለመርማሪዋ፣ ለሐኪሙ፣ ለዐቃቤ ሕጉ፣ በመጨረሻ ለፍርድ ቤቱ እያሉ ያንኑ ሌሊት አምስት ጊዜ መኖር ሰው ይሰብራል። ቪክቲሞሎጂ የሚባለው፣ የወንጀል ተጎጂዎችን የሚያጠናው ዘርፍ፣ ይህን ሁለተኛ ጉዳት ይለዋል። ዘርፉ ራሱ እዚህ ለመድረስ ጊዜ ወስዶበታል። ቃሉን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳወጣው የሚነገርለት ሩማንያዊው ጠበቃ ቤንጃሚን ሜንዴልሶን፣ ተጎጂዎችን በራሳቸው ጥፋት መጠን ደረጃ ይመድባቸው ነበር። ጥያቄው "ተጎጂው ምን ይፈልጋል" ወደሚለው የዞረው በኋላ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በኅዳር ወር 1985 እ.ኤ.አ. ተጎጂዎች በክብር መስተናገድ፣ ካሳና ድጋፍ ማግኘት እንዳለባቸው የሚገልጽ ድንጋጌ አወጣ። እና ዛሬም ጣቢያ ውስጥ፣ ሳሎን ውስጥ "በዚያ ሰዓት ምን ልትሠሪ ወጣሽ?" ሲባል እሰማለሁ። እባካችሁ እናንተ አትጠይቁ። አጠገባችሁ የሚጠይቅ ካለም አስቁሙት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሴቶች ሳያውቁት ስለሚጎዱበት። ከመደፈር የመጣ እርግዝናን በሕጋዊ መንገድ ማቋረጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ይፈቀዳል። የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም፣ የሴቲቱ ቃል በቂ ነው።

ክስ ወይስ ሽምግልና?

ሽምግልናን አልንቅም። በድንበር፣ በስድብ፣ በሁለት ጎረቤታሞች ግፊያ፣ በደም የሚፈላለጉ ቤተሰቦችን በማስታረቅ ፍርድ ቤት የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ቅርብ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ በምታውቀው ቋንቋና ወግ ነው የምትዳኘው። ችግሩ የሚመጣው ሽማግሌው የማይመለከተውን ሲይዝ ነው።

ሕጉ ወንጀሎችን ለሁለት ይከፍላቸዋል። አንዳንዶቹ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ናቸው፤ ቀለል ያለ የአካል ጉዳት፣ ስድብ፣ ስም ማጥፋት የመሳሰሉት። በእነዚህ የግል ተበዳዩ ካልከሰሰ ፖሊስ አይንቀሳቀስም፣ ከታረቀም ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል። እዚህ ሽምግልና እውነተኛ አማራጭ ነው። ግን ሰዓት አለው! በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 አቤቱታው መቅረብ ያለበት ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ሽማግሌ ደግሞ "ከፆሙ በኋላ"፣ "ትልቁ አጎት ከክልል ሲመለሱ" እያለ ሦስት ወር ማሳለፍ አያቅተውም። መጀመሪያ አቤቱታ አስመዝግቡ፣ ከዚያ ተሸማገሉ። ይህ ቅደም ተከተል ሁለቱንም በር ክፍት ያደርጋል። ተቃራኒው አንዱን ይዘጋል።

ሌሎቹ ግን አስገድዶ መድፈር፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ውንብድና፣ ጠለፋ ናቸው። እነዚህን ሽማግሌ የማስቀረት ሥልጣን የለውም። ዐቃቤ ሕግ ተበዳይ ባይፈልግም ይከሳል። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባር ግን ቤተሰብ ይስማማል፣ ምስክሮች "አላየንም" ይላሉ፣ ልጅቷ አያቷ ጋ ወደ ገጠር ትላካለች፣ መዝገቡም በማስረጃ እጦት ይዘጋል። የሕፃን ልጅ መደፈር በበሬና በይቅርታ ሲያልቅ ሰምቻለሁ። ይህን እርቅ ብዬ መጥራት አልችልም።

"ያግባት" ለሚሉም አንድ ነገር ይታወቅ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ልጅቷን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ያ በር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተዘግቷል። አንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ይናገራል። ሽማግሌ ጋብቻውን መፍትሔ አድርጎ ቢያግባባ ሕግ ይፈቅዳል ብላችሁ አትመኑት።

የባልና ሚስት ድብደባ ከሁሉ ይከብዳል። የአክስቴ ልጅ ጋ በሦስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፣ አንዱ የባሏ አጎት ነበሩ። "ትዳር ነው፣ ይቻላል" ተባለ። ባሏ ጉልበት ሳመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እርቁ አርባ ቀን አልሞላውም። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የሚለኩት ቤቱ አለመፍረሱን ነው፣ የእሷን ደኅንነት የሚለካ አልነበረም። እኔ ዛሬ የምለው ይህ ነው፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ቀለብ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ስለ ዱላ ግን አይቀመጥ።

እሷ ራሷ ሽምግልናን ከመረጠች ደግሞ ምርጫዋን አክብሩና ሁኔታውን አስተካክሉላት። ከሽማግሌዎቹ ቢያንስ አንዷ እሷ የመረጠቻት ሴት ትሁን። እሱ ባለበት ክፍል እንድትናገር አትገደድ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ አቤቱታዋን አንሺ የሚል ቃልም አይግባበት።

ክስ የማይፈልጉ ተጎጂዎችን ፈሪ አትበሉ። ቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ከሆነ እስሩ እሷንም ያስርባል። ቀጠሮው ይንዛዛል፣ ችሎት ፊት ቆሞ መናገሩም ቀላል አይደለም። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ማስረጃውን አስቀምጣችሁ ሐሳቧን የምትለውጥበት ቀን ቢመጣ ዝግጁ ማድረግ ነው።

ዛሬ ማታ የት ትተኛ?

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ይህ ነበር፣ የዘነጋነውም ይህን ነው።

ዘመድ ቤት ሞቅ ያለ ነው፣ ወዲያው ይገኛል፣ ልጆችም ያውቁታል። ነገር ግን አድራሻውን እሱም ያውቀዋል። ሽማግሌ የሚመጣውም እዚያው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላም የአስተናጋጇ ፊት ይለወጣል፤ ማንም ሳይናገር ይገባታል።

መጠለያ ሌላ ነው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ ከጥቃት ያመለጡ ሴቶችን ከነልጆቻቸው ሲያስጠልል የቆየ ነው፤ ምግብ፣ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሕግ ድጋፍ፣ የሙያ ሥልጠናም ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በፖሊስ፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ወይም ከላይ ባልኩት ማዕከል በኩል ነው፣ ስለዚህ "መጠለያ ላኩን" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ቦታው ውስን ነው፣ የስልክና የመውጫ ደንብ አለው፣ ለዘለዓለምም አይደለም። ደንቡ የሚያስጠላው ሰው ይኖራል። የተቀመጠው ግን አድራሻው እንዳይታወቅ ነው።

እኔ የምለይበት መንገድ አለኝ። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንቆሽ ያውቃል? መሣሪያ አለው? እገድልሻለሁ ብሏል? ለአንዱም ቢሆን አዎ ካለች ዘመድ ቤት አይበቃም። በተለይ ማነቅ። አንዴ አንገት የያዘ እጅ በኋላ ለመግደል ቅርብ እንደሆነ በዚህ ጉዳይ የሚሠሩ ሁሉ ያውቁታል።

ሦስተኛው አማራጭ እሱ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ለቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የወጣና ፈጣን የጥበቃ ትእዛዝ የሚያሰጥ ሕግ የለንም፣ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ሆኖም የፍቺ አቤቱታ ከቀረበ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ስለ ቀለብና ስለ ልጆች ትእዛዝ ይሰጣል፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣም ማዘዝ ይችላል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፣ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ለመፋታት ለወሰነች ሴት ብቻ ይሆናል፣ ላልወሰነች ግን አትግፏት።

ካሳ በየትኛው ችሎት?

እንደ አሜሪካ በኃይል ወንጀል ለተጎዱ ሰዎች በጠቅላላ ካሳ የሚከፍል የመንግሥት ፈንድ እኛ ጋ የለም። በሰው መነገድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ለዚያ ወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ ደንግጓል፣ ሌላው ግን ካሳውን ከአጥፊው ነው የሚፈልገው። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የካሳ ጥያቄን ከወንጀል ክሱ ጋር ማጣመር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 እና የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ይፈቅዱታል። የዳኝነት ክፍያ የለበትም፣ የወንጀሉን ማስረጃም ዐቃቤ ሕግ ያቀርብላችኋል። ነገር ግን ማመልከቻው የሚቀርበው ክሱ መሰማት ሲጀምር ነው፣ የምትጠይቁትን የገንዘብ ልክም መጥቀስ አለባችሁ። ተከሳሹ በሌለበት የሚታይ ከሆነ ወይም ጥያቄው ክሱን የሚያወሳስብ ከሆነ ፍርድ ቤቱ አይቀበልም። ተከሳሹ ነጻ ከወጣ ደግሞ ካሳው እዚያ ችሎት አይወሰንም።

ሁለተኛው የተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። የዳኝነት ክፍያ አለው፣ መክፈል የማይችል በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ክፍያ ለመክሰስ፣ መጠየቅ ይችላል። ጥቅሙ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 እንደሚለው ተከሳሹ በወንጀል ነጻ መባሉ የፍትሐ ብሔር ዳኛውን አያስረውም። በወንጀል ችሎት ተከሳሹ ነጻ የወጣበት ተጎጂ እዚህ ሊያሸንፍ ይችላል። ቀነ ገደቡ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፣ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ከዚያ ከረዘመ የረዘመው ይሠራል።

ልባችሁን የሚሰብር አንድ ቁጥርም ልንገራችሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116 የኅሊና ጉዳት፣ ማለትም በገንዘብ የማይለካው የስሜት ጉዳት፣ የካሳ ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ስለዚህ በኅሊና ጉዳት ላይ ተስፋ አትጣሉ። ደረሰኝ ሰብስቡ፤ የመድኃኒት፣ የታክሲ፣ የራጅ፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን። በቁሳዊ ጉዳት ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም።

የእኔ ምርጫ? ጉዳቱ በደረሰኝ የሚቆጠርና ማስረጃው ጠንካራ ከሆነ ማጣመር። የአካል ጉዳቱ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ፣ የወደፊት ገቢን የሚያሳጣ ከሆነ ግን የተለየ ክስ፣ ምክንያቱም ያን ለማስላት ጊዜና ባለሙያ ያስፈልጋል።

ማን ይናገርላችሁ?

ዐቃቤ ሕግ የእናንተ ጠበቃ አይደለም። የመንግሥት ከሳሽ ነው። ጎበዝና ቅን ሊሆን ይችላል፣ ግን የመዝገቡ ባለቤት እሱ ነው። ተከላካይ ጠበቃ የሚባለውም ለተከሳሹ የሚቆም ነው። ተጎጂዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ ልክ ናቸው። የግል ጠበቃ መቅጠር የሚያዋጣው ለካሳና ለፍቺው ነው፣ ለወንጀሉ ብዙም አይጨምርም። አቅም ከሌለ ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፣ ለሁሉም ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ያሏቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ።

መመስከር ለሚያስፈራው፣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለምስክሮች ጥበቃ ይሰጣል፤ ከመጋረጃ ጀርባ መመስከርን፣ ማንነትን መሰወርን፣ አስፈላጊ ሲሆን መኖሪያ መቀየርን ይጨምራል። የሚመለከተው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ የሚችሉ ወንጀሎችን ነው። ካልጠየቃችሁ የሚያነሳላችሁ ላይኖር ይችላል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ በአጭሩ። "ፖሊስ ከጠራሁ ወረቀቴ ይበላሻል" የሚለው ፍርሃት ብዙ እህቶችን አስሯል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ዩ ቪዛ ከፖሊስ ጋር ለተባበሩ የአንዳንድ ወንጀሎች ተጎጂዎች ነው፣ የቤት ውስጥ ጥቃትም አለበት፣ በዓመት 10,000 ብቻ ስለሚሰጥ ግን ወረፋው ረጅም ነው። ባል ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ ቫዋ በሚባለው ሕግ እሱ ሳያውቅ ለራሷ ማመልከት ትችላለች፣ የፖሊስ ፊርማም አይጠይቅም። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የምትችል ከሆነ ቫዋ ይቀድማል። የትኛውንም ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛም ተካቷል። ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ ያን ሌሊት ልጁ ሁለት ጊዜ እንዲሰማው አታድርጉ።

በመጨረሻ አንድ ደብተር ግዙ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የመርማሪውን ስም፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የቀጠሮውን ቀን፣ ማን ምን እንዳላችሁ ከነሰዓቱ ጻፉበት። ጣቢያ ስትሄዱ አቤቱታችሁ በዕለት ሁኔታ መዝገብ መስፈሩን ጠይቁና ቁጥሩን ያዙ። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ደብተሩ በእጄ ነበር። ሐኪም ቤት ገባን፣ ቁስሏ ካርዱ ላይ በዝርዝር ተጻፈ፣ ማታውን መጠለያ አደረች፣ ጣቢያ የሄድነው ተኝታ ከተነሳች በኋላ፣ እሷ "አሁን እንሂድ" ስትለኝ ነው።